ከቅጥር ውጭ አንድ ቀን፦ በደማምና በኮባር ዙሪያ በእግር የሚታዩ ቦታዎች

በአስተርጓሚነት ሥራዬ ካስቸገሩኝ ቃላት አንዱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችንን ይዤ ኮባር ውስጥ ሐኪም ዘንድ ገብቼ ነበር። አጥንቷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ሐኪሙ የደም ምርመራዋን አይቶ ቫይታሚን ዲ እጅግ ማነሱን ነገራት፤ እንክብል ጻፈላት። ከዚያ ወደ እሷ ዞር ብሎ አንድ ቃል አከለ፦ «ኢምሺ»።

እሷ ወዲያው ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። ቃሉን ለማወቅ እኔን አላስፈለጋትም። በምትሠራበት ቤት «ኢምሺ» ማለት «ሂጂ፣ ከዚህ ጥፊ» ማለት ነው። ሐኪሙ ግን «ተራመጂ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ፀሐይ ይንካሽ» ማለቱ ነበር። በአረብኛ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። ቁጭ በይ ብዬ ስተረጉምላት ሳቀች። «የት ነው የምሄደው? ከወጥ ቤት እስከ ልብስ ማጠቢያው?» አለችኝ። ይህን ግን ለሐኪሙ አልተረጎምኩለትም።

ለጥያቄዋ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ጥቂት አለኝ፤ ይህም ጽሑፍ እሱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅጥር ወደ ቅጥር

ውድ አንባቢያን፣ በምሥራቁ ክልል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኑሯችን በአብዛኛው ከቅጥር ወደ ቅጥር ነው። ሳምንቱን በሰው ቤት፣ በመጋዘን፣ በእርሻ ወይም በመኪና ውስጥ እናሳልፋለን። የእረፍት ቀን ስትገኝ ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን ኢስቲራሃ እንከራያለን።

ኢስቲራሃን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ቃሉ «ራሃ» ከሚለው፣ እረፍት ከሚለው የመጣ ነው፤ ማረፊያ ማለት ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በዘንባባ እርሻ መካከል የተሠራ፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ፣ ሳሎንና ወጥ ቤት ያለው የገጠር ቤት ነው። የሳዑዲ ቤተሰቦች ቅዳሜና ዓርብን እዚያ ያሳልፋሉ። እኛም እንቁጣጣሹን፣ መስቀሉን፣ ዒዱን፣ የልጅ ልደቱን እዚያ እናደርጋለን። ዶሮው ይሠራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሙዚቃው ይከፈታል። ማታ ዕቃችንን ጠቅልለን በመጣንበት መኪና እንመለሳለን።

እኔም ለዓመታት እንደዚሁ አደረግሁ። አንድ የገና ዕለት ግን አል-አሕሳ ውስጥ በተከራየነው ኢስቲራሃ ኔትወርክ ጠፋና ስልኬን ወደ ላይ እያነሣሁ ከበሩ ወጣሁ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ በሲሚንቶ የተሠራ የመስኖ ቦይ አገኘሁ። ውኃው ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ በግራና በቀኝ ዘንባባ ነው፤ ከሥሩ ሎሚ፣ ከሎሚው ሥር ለከብት የሚታጨድ አረንጓዴ ሣር። ወፍ ይጮኻል። ቦዩን ተከትዬ ሄድኩ። እናቴ ዘንድ ለመደወል ወጥቼ አንድ ሰዓት ያህል ተራምጄ ተመለስኩ። በዚያ ግንብ ውስጥ አራት ጊዜ በዓል አክብሬ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

የእረፍቷ ቀን

ወደ ቦታዎቹ ከመሄዳችን በፊት ስለ ቀኑ እንነጋገር፤ ቀኑ ከሌለ መንገዱ ምን ያደርጋል?

በሳዑዲ ዓረቢያ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ውስጥ ሠራተኞች ደንብ፣ ሠራተኛው በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ ደመወዝ የሚከፈልበት እረፍት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን የማያውቁ ብዙ እህቶች አጋጥመውኛል፤ እያወቁ መጠየቅ የሚያፍሩም አሉ። የሥራ ውሉን ስተረጉም ይህችን መስመር ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ አነብባታለሁ።

አጠያየቁም ዘዴ አለው። እንግዶች ሊመጡ ሲሉ፣ ወይም ልጆቹ ሲያለቅሱ አይጠይቁ። ከአንድ ቀን በፊት፣ ማታ ሥራው ሲያልቅ፣ በጨዋ ቃል እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ቡክራ ኢጃዘቲ፣ አብጋ አጥለዕ አምሺ»። ነገ የእረፍት ቀኔ ነው፣ ወጥቼ በእግሬ መሄድ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ከማን ጋር እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጨምረው ይንገሩ። ለማንም ፈቃድ ሰጪ ቢሆን፣ መመለሻው የታወቀ ጉዞ ካልታወቀው ይቀልለዋል።

ወቅቱንም ይምረጡ። የዚህ አገር ፀሐይ የእኛ ደጋ ፀሐይ አይደለችም። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር፣ ማንም ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ መንግሥት ይከለክላል። ለደመወዝ የተከለከለውን ለመዝናናት አናደርገውም። በባሕሩ ዳር ደግሞ ወበቁ ከሙቀቱ ይብሳል፤ ላብ ስለማይደርቅ ሰውነት አይበርድም። የእግር ጉዞ ወራት ከኖቬምበር እስከ ማርች ናቸው። በጃንዋሪ ደማም ቀን ወደ 20 ዲግሪ፣ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። ይህ የአዲስ አበባ አየር ነው፤ ጋቢ ቢኖር አይጠላም።

አል-አሕሳ፦ ከአሸዋ ሥር ያለ ውኃ

ከደማም ወደ አል-አሕሳ ዋና ከተማ ወደ ሁፉፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ለሌለው ባቡር አለ። ከደማም ወደ ሪያድ የሚሄደው ባቡር በቡቀይቅ አድርጎ ሁፉፍ ላይ ይቆማል። መስመሩ በ1951 የተከፈተ፣ በአገሪቱ የቆየ መስመር ነው። ትኬቱ በኢቃማ ቁጥር ይቆረጣል። በመስኮቱ በኩል የሚያዩት መጀመሪያ አሸዋ ነው፤ ቀጥሎም አሸዋ ነው፤ ከዚያ በድንገት ዘንባባ ይሆናል።

ስሙ ራሱ የሚያየውን ሰው ይረዳዋል። «ሒሲ» ማለት በአረብኛ ከላይ አሸዋ፣ ከታች ደረቅ ዐለት ሆኖ በመካከሉ ውኃ የተጠራቀመበት፣ ሲቆፍሩት ውኃ የሚያወጣ መሬት ነው። «አሕሳ» ብዙው ነው። በቆላ ያደገ አንባቢ ይህን ለማስረዳት እኔን አይፈልግም፤ በደረቅ ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ፣ ውኃው እስኪጠልል ጠብቆ በቅል የቀዳ ያውቀዋል። ውኃ በዚህ አካባቢ ንግግር «ማይ» ይባላል። ግዕዝ የቆጠረ ሰው ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ከቤቱ ይዞት መጥቷል። ምንጭን ደግሞ «ዐይን» ይሉታል፤ የመሬት ዐይን። በግዕዝም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አል-አሕሳ ውስጥ «ዐይን» ብሎ የሚጀምር የቦታ ስም በካርታ ላይ ሲያዩ፣ እዚያ ምንጭ አለ ወይም ነበረ ማለት ነው።

አል-አሕሳ በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዘገበ። ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚደርስ የዘንባባ ዛፍ እንዳለበት ይነገራል። «ኸላስ» የሚባለው ስመ ጥሩ ቴምር ከዚህ ይወጣል፤ በውኃ የሚበቅል ቀይ ሩዝም አላቸው። እርሻው ፎቅ በፎቅ ነው፦ ከላይ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፣ ከሱ በታች ሎሚና ሮማን በለስም አለ፣ መሬቱን አትክልትና ሣር ይሸፍነዋል። በ2023 በዚያው መዝገብ የሰፈረውን የጌዴኦን መልክዓ ምድር ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚያ ትልልቁ ዛፍ ለእንሰቱና ለቡናው ያደርግ የነበረውን እዚህ ዘንባባው ያደርገዋል።

ድሮ ውኃው ከምንጮቹ በራሱ ኃይል እየፈለቀ በየእርሻው ይሄድ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የሲሚንቶ ቦዮችን ሠራ፤ ያ የገና ዕለት የተከተልኩት ቦይ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ኋላ ምንጮቹ ሲደክሙ ውኃውን በሞተር መሳብ፣ ተጣርቶ የተመለሰ ውኃም መጨመር አስፈለገ። ለእግረኛ የሚጠቅመው ነገር በየቦዩ ዳር ለጥገና የተተወው መንገድ ነው። ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ቦዩን ይዘው ከሄዱ አይጠፉም፤ ለመመለስ ውኃውን በተቃራኒ መከተል ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እርሻዎቹ የሰው ናቸው። አጥር ያለውን አይለፉ፤ የወደቀ ቴምርም ቢሆን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አያንሡ። ሰው ሲያገኙ «አስሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ «ሙምኪን አምሺ ሂና?» ይበሉ፤ እዚህ መሄድ ይቻላል ወይ ማለት ነው። እኔ ይህን ብዬ እንቢ የተባልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ውሻ ስለነበረ ነው። ከዚያ ይልቅ ቴምርና ቡና የቀረበልኝ ይበዛል። ሴቶችንና ቤተሰቦችን ፎቶ አያንሡ።

መንገዱን ያሳየን ሰው

በሁለተኛው ዓመት ስድስት ሆነን ሄድን። ከመካከላችን ያቺ ሐኪም ቤት የወሰድኳት እህት ነበረች። ቦዩ ለሁለት የተከፈለበት ቦታ ላይ ወዴት እንደምንሄድ ስንከራከር፣ ከዘንባባው መካከል ማጭድ የያዘ ሰው ወጣና በአማርኛ «ምን ጠፋባችሁ?» አለን። የወሎ ልጅ ነው። ለእርሻው ባለቤት ሣር ያጭዳል፣ ውኃ ያዞራል።

ምንም አልጠፋብንም፣ በእግራችን እየተንሸራሸርን ነው አልነው። ቆሞ አየን። «ለመዝናናት? በእግር?» አለ። «እኔ በእግሬ የሄድኩት ይበቃኛል።» ከዓመታት በፊት በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን በኩል የመጣ ሰው ነው። የቀረውን አልጠየቅነውም። ከእኛ መካከል ሁለቱ ያንኑ መንገድ ያውቁታል፤ እነሱም ዝም አሉ።

ይህን የምጽፈው የእግር ጉዞ ለሁላችንም አንድ ነገር እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። መጽሔቶች ስለ እግር ጉዞ ሲጽፉ አንባቢው ከመኪና እንደወረደ ቆጥረው ነው። ከእኛ አንባቢዎች ብዙዎቹ ግን ሲሄዱ የኖሩ፣ መሄድ ማለት መሸሽ የሆነባቸው ናቸው። ለእነዚህ «ተራመዱ፣ ለጤና ይጠቅማል» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል።

ሰውየው ግን ሥራውን ጨርሶ ነበርና ተከተለን። ቀስ በቀስ እየቀደመን ሄደ። የትኛው ቦይ የት እንደሚደርስ፣ የትኛው ምንጭ ድሮ ሰው ይዋኝበት እንደነበር፣ የትኛው ገበሬ ንብ እንዳለው ያውቃል። ለአራት ዓመት የሠራበትን አገር ለሰው አሳይቶ አያውቅም ነበር። ሲለየን «ሌላ ጊዜ ስትመጡ ደውሉ» አለ፤ ቁጥሩንም ሰጠን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውለናል።

ጀበል አል-ቃራ፦ ብርዱን የሚይዝ ተራራ

ከሁፉፍ በስተ ምሥራቅ፣ በመኪና ሃያ ደቂቃ ያህል ርቆ ጀበል አል-ቃራ ይገኛል። ከዙሪያው መሬት ወደ 75 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። ራስ ዳሽንን ወይም ጉናን እያየ ላደገ ሰው «ተራራ» መባሉ ያስቀዋል። ነገር ግን የሚደነቀው ከፍታው አይደለም፤ ውስጡ ነው።

ዐለቱ በዘመናት ውኃና ነፋስ ተሰነጣጥቆ ጠባብና እጅግ ረጃጅም መተላለፊያዎች ሆኗል። በመካከሉ ሲሄዱ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ሰማዩ ከላይ እንደ ክር ይታያል፣ ወይም ጨርሶ አይታይም። ፀሐይ ስለማትደርስበትና ዐለቱ ወፍራም ስለሆነ ውጭው ሲነድ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ከውጭው ይሞቃል። በሙቀቱ ወራት ሊጎበኝ የሚችል ከቤት ውጭ ያለ ቦታ ቢኖር ይኸው ነው። ዛሬ መግቢያው በክፍያ ነው፤ መብራትና የተስተካከለ መረማመጃ ተሠርቶለታል፤ አረጋውያንና ልጆችም ይችሉታል። ከተራራው ሥር ሸክላ የሚሠሩ አሉ። ጭቃውን በእግር በሚዞር መንኮራኩር ላይ አድርገው ያነሡታል። የእኛ እናቶች ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ብቻ ጀበናን እንዴት ክብ እንደሚያደርጉት ነግሬያቸው አላመኑኝም።

ከዋሻው በኋላ ጉልበት ከተረፈዎ ሁለት ቦታ ልጨምርልዎ። አንደኛው የጀዋሳ መስጊድ ነው፤ በእስልምና ታሪክ ከመዲናው የነቢዩ መስጊድ ቀጥሎ የጁምዓ ሶላት የተሰገደበት መሆኑ ይነገርለታል። ሁለተኛው የአሕሳ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ነፋስ የሚነዳው አሸዋ መንደሮቹንና እርሻዎቹን እየዋጠ ስላስቸገረ፣ በ1962 «አሥል» የሚባለውን ድርቅ የሚችል ዛፍ በረድፍ በረድፍ መትከል ጀመሩ። ዛሬ በዚያ ጫካ መሄድ ይቻላል፤ በአንድ በኩል ዛፉ፣ በሌላ በኩል ሊገባ የቆመው አሸዋ ይታያል። ተራራ ያራቆተውን ጎርፍ በእርከንና በችግኝ ለማገድ የወጣ ሰው ሥራው ይገባዋል።

ቢጫው ሐይቅ

ከአል-ዑምራን ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በአሸዋ ክምሮች መካከል «ቡሐይረት አል-አስፈር»፣ ቢጫው ሐይቅ፣ ይገኛል። ውኃው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከእርሻዎቹ የተረፈው የመስኖ ውኃ በማፋሰሻ ቦይ እየወረደ የተጠራቀመ ነው። ያ የወሎ ልጅ የሚያዞረው ውኃ መጨረሻው እዚያ ነው። በዙሪያው ቄጠማ በቅሏል፤ ብርዱ ሲገባ ከሰሜን የሚመጡ ወፎች ያርፉበታል። ከሰሜኑ ቅዝቃዜ ሸሽተው ወደ ደቡብ ከሚበሩት ወፎች ብዙዎቹ የእኛን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የክረምት ቤታቸው ያደርጋሉ። ያለ ኢቃማ የሚያልፉ ናቸው ብላ አንዷ ጓደኛችን አሳቀችን።

ለዚህ ቦታ ግን ማስጠንቀቂያዬ ጠንካራ ነው። ብቻዎን አይሂዱ። መንገዱ አሸዋ ነው፤ ተራ የቤት መኪና ይቀረቀራል። መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ለአሸዋ በሚሆን መኪና፣ በጠዋት ይሂዱ። ውኃው አይጠጣም፣ አይዋኙበትም። ካርታው ላይ ቅርብ መስሎ ቢታይዎት አይመኑት፤ አሸዋ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በአስፋልት ሁለት ያህል ያደክማል።

ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው

ሙሉ ቀን የማያገኙ ብዙዎች ናቸው። ለነሱ ባሕሩ ቅርብ ነው።

ኮባር ውስጥ ኮርኒሹ አለ። ጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ ስትወጣ ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ መሄድ ይመረጣል። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ መቀመጫ አለ፣ ቤተሰብ ይበዛል፤ ሴት ብቻዋን ብትሄድ እንኳ የሚያያት የለም። አየሩ ጥርት ባለ ቀን ወደ ደቡብ ወጣ ብለው ከባሕሩ ዳር ሲቆሙ በ1986 የተከፈተው፣ ወደ ባሕሬን የሚሄደው 25 ኪሎ ሜትር ያህሉ የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ይታያል። ደማም ውስጥ ደግሞ ኮርኒሹን ይዘው እስከ ሙርጃን ደሴት መራመድ ይቻላል። ከኮባር በስተ ደቡብ የግማሽ ጨረቃ ባሕር ዳርቻ አለ፤ አሸዋው እስከ ውኃው ይወርዳል፤ ጫማዎን አውልቀው በእርጥቡ አሸዋ ላይ ይሂዱ፣ ደረቁ ያደክማል።

ለየት ያለ ነገር ለሚፈልግ ታሩት ደሴት አለች። ከቀጢፍ በድልድይ የተያያዘች ናት፤ አሮጌ ምሽግና ጠባብ የሰፈር መንገዶች አሏት። በባሕረ ሰላጤዋ ዳር ማንግሮቭ ይበቅላል፤ በጨው ውኃ ውስጥ የሚኖር ዛፍ ነው። ውኃው ሲሸሽ ከጭቃው እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡ ሺህ ሥሮች ይታያሉ። ጭቃው አየር ስለሌለው ዛፉ የሚተነፍሰው በነዚያ ነው። ከሥሮቹ መካከል ሽሪምፕና የዓሣ ጫጩት ይጠለላሉ። ጭቃው ውስጥ ግን አይግቡ፦ ሥሮቹ ይሰበራሉ፣ እርስዎም ይሰምጣሉ፤ ውኃውም ሳያስቡት ይመለሳል። ከዳር ሆኖ ማየት በቂ ነው።

የማይሄዱበትንም ልንገርዎ። ዳህራን ውስጥ በ1938 የመጀመሪያው ብዙ ነዳጅ የተገኘበት ጉድጓድ ቁጥር 7 ያለበት ጉብታ አለ። ጂኦሎጂስቶች ያን ጉብታ መጀመሪያ ያስተዋሉት ከባሕሬን ማዶ ሆነው ነው ይባላል። ዛሬ አካባቢው የኩባንያ ግቢ ነው። ወደ ሁፉፍ በሚወስደው መንገድ ላይም ቡቀይቅ የነዳጅ ማቀነባበሪያ ቧንቧዎች አሉ። አጥርና ማስጠንቀቂያ ባለበት ሁሉ አይጠጉ፣ ስልክዎንም አያንሡ። ለአንድ ፎቶ ሲባል የሚመጣው ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይበላዋል።

ይዘው የሚሄዱት

ኢቃማዎን፣ ወይም በስልክ ያለውን፣ ሳይዙ ከቤት አይውጡ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ውኃ ይያዙ፤ ግማሹ ሲያልቅ መመለሻው ደርሷል ማለት ነው። ነጠላ ጫማ ለቦይ ዳር ይሆናል፣ ለጀበል አል-ቃራ አይሆንም። አባያ የለበሱ እህቶች ጫፉን ከፍ አድርገው በመርፌ ቁልፍ ቢይዙት ደረጃ ላይ አይጠልፋቸውም። ለስንቅ በሶና ቆሎ ከማንኛውም የሱቅ ምግብ ይሻላል፤ አይበላሽም፣ ቦርሳ አይከብድም፣ ቴምርና ቡና ለሚጋብዝዎ ገበሬም የሚቀርብ ነገር ይሆናል። አንዱ ቆሎ ቀምሶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎኝ ገብስ መሆኑን ስነግረው፣ እሱ ለበጎቹ እንደሚሰጠው ነግሮኛል፤ ሁለተኛ እፍኝ ግን አልተወም።

የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሚቀር ሰው ይንገሩ። ሰው ከተጎዳ በምሥራቁ ክልል 911 ይደውሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ መቆም ሙቀት የመታው ሰው ምልክቶች ናቸው፦ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፣ ልብሱን ያላሉለት፣ በውኃ ያርሱት፣ እርዳታም ይጥሩ። ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ፤ ሐበሻ ባረፈበት ቦይ ዳር የተጣለ የፌስታል ክምር ለሚቀጥለው ሐበሻ በሩን ይዘጋል።

ያቺ እህታችን አሁን በወር ሁለት ጊዜ ትወጣለች፤ በየሳምንቱ አይሳካላትም። አንዱን ጊዜ ኮርኒሽ ነው፣ አንዱን አል-አሕሳ። እንክብሉንም አልተወችም፤ ጉልበቷ ግን ደረጃ ላይ እንደ ድሮው አይከዳትም። ባለፈው የአሠሪዋ ትንሿ ልጅ «ወይን ሩህቲ?»፣ የት ሄደሽ ነበር፣ ብላ ጠየቀቻት አሉ። ስለ ወፎቹ ነገረቻት። በሚቀጥለው ዓርብ ልጅቱም ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች፤ እናቷም ተከትላ መጣች። ሦስቱ በአንድ ቦይ ዳር ሲሄዱ ፎቶ ልካልኛለች።

የሚቀጥለው ዓርብ የእርስዎ ከሆነ በቅርቡ ይጀምሩ። ለመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት ሄደው ግማሽ ሰዓት መመለስ። ኢስቲራሃ ተከራይታችሁ ከሆነ ደግሞ ዶሮው እስኪበስል ድረስ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።